ለአንድ ሠርግ ሁለት መስቀል ያዥ

ቬርዥኔ መንገዱን ልትሻገር ተነሳች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ተነሳች። መንገዱ ሰፊ ሆኖባት አይደለም። የአርመን ስደተኞች በተጠጋጉበት በቡርጅ ሃሙድ ሰፈር ውስጥ ሰፊ መንገድ ከየት ይመጣል? ከወዲህ ሰገነት የተሰጣው አንሶላ ከማዶ የተሰጣውን ይነካል። ግን አርመን ከአርመን ጋር ከተታኮሰበት ከዚያ ክፉ በጋ ወዲህ ያቺ መንገድ ባሕር ሆናለች። ወዲህ የእኛ ክበብ፣ የእኛ ጋዜጣ፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን፤ ወዲያ የእነሱ ክበብ፣ የእነሱ ጋዜጣ፣ የእነሱ ቤተ ክርስቲያን። ሥጋ ቤቱ እንኳ ሁለት ነው። በጎቹ አንድ ሜዳ ላይ ሲግጡ መዋላቸውን ማንም አያነሳም።

በሻርፗ ስር የአረቄ ጠርሙስ ይዛለች። በሌላ እጇ የባቅላቫ ካርቶን አንጠልጥላለች። የፊታችን እሁድ አንድ ልጇ ሃይጋዝ ያገባል፤ ከማዶ ጥግ ላይ ደግሞ የጫማ ሰሪው የሚሳክ ሱቅ አለች። ጣጣው ይሄ ነው። ሚሳክ በእሷና በሟች ባሏ በጋርቢስ ሠርግ መስቀል የያዘ ሰው ነው። ሃይጋዝን ከማጥመቂያው ውሃ ያወጣውም እሱ ነው፤ ክርስትና አባቱ። ክርስትና ያነሳ ሰው በልጁ ሠርግ መስቀሉን ከሙሽሮቹ ራስ በላይ ይይዛል፤ ከዚህ ሌላ ሕግ የለም። በዚያ በጋ ግን ጋርቢስ ወዲህ ቀረ፣ ሚሳክ ወዲያ ቀረ፣ አንድ ሌሊት የጋርቢስ መስኮት በጥይት ረገፈ፤ ማን እንደተኮሰ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከዚያ ወዲህ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰላምታ እንኳ የለም።

አሁን ዋርሳዋ ካስፓር፣ የባሏ ወንድም፣ ሌላ መስቀል ያዥ አግኝቶላታል። ያውም ማንን! የወዲሁን ክበብ ሊቀመንበር፣ የሹራብ ፋብሪካውን ባለቤት፣ አቶ ፓርሴግን። ሃይጋዝ እዚያው ፋብሪካ መካኒክ ነው። መስቀል የያዘ ሰው ክርስትና አባት ይሆናልና፣ የአቶ ፓርሴግ የክርስትና ልጅ መካኒክ ሆኖ እንደማይቀር ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ሚሳክ ሳይፈታን አይሆንም» አለች ቬርዥኔ ነገሩን ስትሰማ።

«ምን መፈታት ያስፈልጋል? ሰውየው እኮ ከእነሱ ጋር ነው! ከእነሱም ፈቃድ መጠየቅ ጀመርን?»

«ካስፓር፣ ልጄን ከውሃ ያወጣው እሱ ነው። ሳይፈታን ሌላ ሰው መስቀል ቢያነሳ ቤታቸው አይጸናም። ቄስ ኔርሴስም ይጠይቁኛል።»

ካስፓር ጣሪያ ጣሪያውን አይቶ ተነፈሰ። «በይ ሂጂ እሺ። ግን እንዳትቀመጪ! ቆመሽ ተናገሪና ውልቅ በይ።»

እሱስ እውነቱን ነው። አባቶቻቸው ተሰድደው የመጡባት የሲስ ከተማ ሰዎች ልማድ እንዲህ ነው፤ ክርስትና አባትን ለሠርግ ለመጥራትም ሆነ ፍታን ብሎ ለመለመን የሚያዘው ያው አረቄና ጣፋጭ ነው። ልዩነቱ አገባቡ ላይ ነው። ልትጠራ የመጣች ገብታ ትቀመጣለች። ፍታን ልትል የመጣች ግን ቆማ ትናገራለች፤ እሱም ቆሞ ይሰማታል፤ እንደቆሙ አንዳንድ መለኪያ ይጠጣሉ፤ አበልጅነታቸውም እዚያው ላይ ያበቃል።

በመጨረሻ ዓይኗን ጨፍና ተሻገረች።

ሚሳክ አጎንብሶ ሶል ይመታል። ሚስማሮቹን በከንፈሩ ነክሷቸዋል። ቀና ብሎ ሲያያት መዶሻው አየር ላይ ቀረ። አርጅቷል፤ ፀጉሩ ሁሉ ነጭ ሆኗል። ቬርዥኔ ያጠናችውን ንግግር ልትጀምር አፏን ስትከፍት ዓይኗ ግድግዳው ላይ አረፈ። የእንጨት ፎርማዎች ተርታውን ተሰቅለዋል። ጥግ ላይ፣ ከሁሉም ተለይታ፣ አንዲት ትንሽ ጥንድ አለች፤ የልጅ እግር። ሚሳክ ለሃይጋዝ በየፋሲካው ጫማ ይሰፋባት የነበረች ፎርማ። ሃይጋዝ ስምንት ዓመት ሲሞላው እግሩ የነበረበት ልክ። አልጣላትም!

ጉልበቷ ከዳት። ደንበኞች ጫማ የሚለኩባት በርጩማ አጠገቧ ነበረች፤ ሳታስበው እሷ ላይ ዝርፍጥ አለች።

ሚሳክ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ከአፉ አውጥቶ መዳፉ ላይ አደረጋቸው። ጠርሙሱን አየ። ካርቶኑን አየ። በርጩማዋን አየ።

«ተቀመጥሽ» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ጮኸ። «ዛሩሂ! ዛሩሂ፣ ኧረ ነይ ውጪ! አበልጄ መጥታ ተቀመጠች!»

«ሚሳክ፣ እኔ እንኳ የመጣሁት…»

«አውቃለሁ ለምን እንደመጣሽ! ምንም አትናገሪ፣ ምን ያናግርሻል?»

ዛሩሂ፣ ሚስቱ፣ እጇ ሊጥ እንደሆነ ከጓዳ ወጣች። ቬርዥኔን አይታ አፏን በክንዷ ያዘች። «አንቺ! እግርሽ እንዴት ፈቀደልሽ በይ?» አለችና አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ሊጡን ሻርፗ ላይ ትለቀልቃለች። ከዚያ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ከላይ ከሰገነቱ ያሉ ሴቶች ምን ተገኘ ብለው አንገታቸውን አወጡ።

«ጋርቢስ ሲቀበር ጥግ ላይ ቆሜ ነበር» አለ ሚሳክ። «ባርኔጣዬን አውልቄ። አይተሽኛል?»

«አይቼሃለሁ።»

«ያን ጊዜ መቅረብ ነበረብኝ። ይኸው አንቺ በለጥሽኝ።» ቁም ሳጥኑን ከፍቶ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። አባቱ ከሲስ ሲሰደድ በብብቱ ይዞት የወጣው መስቀል ነው፤ በእሷም ሠርግ ከራሷ በላይ የተያዘው እሱው ነው። «ቤተ ክርስቲያናችሁ ደፍ ላይ እግሬን ላላሳርፍ ምዬ ነበር። ይሁን፤ ለዚያ ልጅ ስል መሐላዬን እበላለሁ። አረቄዋንም አሁን አልነካትም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እንከፍታታለን፣ እሺ አበልጄ?»

እሺ አላለችም። እንቢም አላለችም። ራሷን ብቻ ነቀነቀች፤ ደግሞ ለእሱ ሌላ ምን ይባላል?

ቤት ስትደርስ ካስፓር በር ላይ ይጠብቃታል። «እህሳ? ፈታን?»

«አዎ» አለች።

«ጠጣ?»

«ጠጣ።»

«አላልኩሽም! ቶሎ ሂዶ ለቄስ ኔርሴስ መንገር ነው» ብሎ ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ። ቬርዥኔ ኩሽና ገብታ ቧንቧውን ከፈተችና የሚፈሰውን ውሃ ዝም ብላ ታየው ጀመር።

ከዚያ ቀን ወዲያ በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች። ነገ እነግረዋለሁ ትላለች፤ ነገ ሲሆን የሙሽራይቱ እናት ትመጣለች፣ ለእንግዶች የሚታደለው የስኳር ለውዝ መቋጠሪያ ይመጣል፣ ሻማው ይመጣል። ለካስፓር ብትነግረው ቤቱን በጩኸት ያፈርሰዋል። አቶ ፓርሴግ ቢሰማ ልጇ ከእንጀራው ይፈናቀላል። ሚሳክስ? ስለ ሚሳክ ስታስብ ሐሳቧን ከመሃል ትቆርጠዋለች።

ረቡዕ ገበያ ላይ ሎሚ ስትመርጥ ዛሩሂ ከኋላዋ መጥታ ክንዷን ያዘቻት።

«ሰማሽ ጉዳችንን? የእኛ ክበብ ሰዎች ሚሳክን ጠርተው ከእነሱ ቤተ ክርስቲያን ሠርግ ልትቆም ነው አሉ፣ እውነት ነው ወይ አሉት። የክርስትና ልጄ ነው አላቸው። እንግዲያስ ምረጥ ሲሉት ምን ቢል ጥሩ ነው? ኮቱን ከማንጠልጠያው አንስቶ እብስ!» ዛሩሂ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። «ዕድሜ ልኩን ከዚያ ክበብ ታውላ ተጫውቶ የማያመሽበት ቀን አልነበረም። አሁን ከእኔ ጋር ነው የሚጫወተው፤ ያውም እያጭበረበረ።»

«ዛሩሂ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ…»

«ምስጋና እንዳትነግሪኝ! ምስጋና አልሰማም። ሌቱን ሙሉ ሲዘፍን ነው የሚያድረው፤ እኔን ያየ ይዘንልኝ።»

ሄደች። ቬርዥኔ ሎሚውን ሳትገዛ ተመለሰች።

አርብ ዕለት ግን ቆረጠች። ዛሬ አፈር ብትበላም ትናገራለች። ሱቁ ስትደርስ ሚሳክ ጥቁር ሙሉ ልብሱን ለብሶ በተሰነጠቀች መስታወት ፊት ቆሟል፤ ቀኝ እጁን ሽቅብ ዘርግቶ፣ መዶሻውን እንደ መስቀል ከፍ አድርጎ ይዟል። ክንዱ ይንቀጠቀጣል። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እየተለማመድኩ ነዋ! ቄሳችሁ ጸሎት ማርዘም ይወዳል አሉ። ይቺ ትከሻዬ ደግሞ ከዕድሜዬ ጋር መከረችብኝ። ትገንጠል እንጂ ያን ቀን አላወርዳትም።» መዶሻውን አውርዶ ትከሻውን እያሸ ሳቀ። «ምነው ፊትሽ ገረጣ አበልጄ? እናቱ አንቺ ነሽ፤ የምታገቢው አንቺ አይደለሽ!»

አሁን ተናገሪ፣ አለች በሆዷ። አሁን! ግን ከአፏ የወጣው ሌላ ሆነ። «እሁድ ጠዋት… ሙሽራውን ልትወስድ ቤት አትምጣ። ካስፓርን ታውቀዋለህ፣ ነገር ይነሳል። በቀጥታ ከቤተ ክርስቲያን እንገናኝ።»

ሚሳክ ጥቂት አሰበ። ክርስትና አባት ሙሽራውን ከቤቱ መውሰድ ነበረበት፤ ይሄ ለእሱ ትንሽ ነገር አልነበረም። «ካልሽ ይሁን» አለ። «ያንን ካስፓር የሚባል ግመል እኔም ማየት አላምረኝም።»

በመንገድ ላይ ራሷን ረገመች። እንዲያው ምን ዓይነት ሴት ናት! ልትፈታ ሄዳ ታስር፣ ልትናገር ሄዳ ትዋሽ።

ቅዳሜ ከሰዓት ለልጇ ልትነግረው ሞከረች። ሃይጋዝ ሰገነቱ ላይ ተቀምጦ አዲሱን ጫማውን ያብሳል።

«ሃይጋዝ፣ ሚሳክን ታስታውሰዋለህ?»

«ጫማ ሰሪውን? በትከሻው ይሸከመኝ ነበር። ማስቲሽ ማስቲሽ ይል ነበር ሽታው።» ፈገግ አለ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «ምነው? ፈትቶናል ብለሽ የለም እንዴ?»

«መስቀሉን እሱ ቢይዝ ኖሮ ብዬ ነው…»

«እማማ፣ በእናትሽ! ትናንት አቶ ፓርሴግ ቢሮው ጠርቶ ከሠርግህ በኋላ የፈረቃ ኃላፊ ነህ ብሎኛል። ምራትሽ ማራል ስትሰማ ስንት ጊዜ እንደዘለለች ብታይ። አሁን ምንም ነገር አታንሺ። ነገ ብቻ በሰላም ይለፍ፣ ከዚያ የፈለግሽውን አንሺ።»

«በሰላም ይለፍ» አለች። ምናልባት ሚሳክን ያመዋል፣ ብላ አሰበች። ምናልባት ከደፉ ላይ መሐላው ትዝ ብሎት ይመለሳል። ለሰው እንዲህ ያለ ነገር መመኘቷ አስፈራትና አማተበች።

እሁድ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞላ። ቬርዥኔ ከፊት ረድፍ ተቀምጣለች። በሩ በተከፈተ ቁጥር ትዞራለች። ካስፓር «ምን ያቅበዘብዝሻል?» ይላታል። አክስት ገባች። የፋብሪካው ጸሐፊ ገባ። አቶ ፓርሴግ ለዛሬ ያሠራውን ትልቅ የብር መስቀል ይዞ ሲገባ ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀለት። ሚሳክ የለም። ዝማሬው ተጀመረ፣ ሚሳክ የለም። ቬርዥኔ ወደ በሩ መዞሯን ተወች።

ሃይጋዝና ማራል ግንባራቸውን አገናኝተው ቆሙ። ቄስ ኔርሴስ «መስቀል ያዡ ይቅረብ» አሉ።

አቶ ፓርሴግ አንድ እርምጃ ተራመደ። ከኋላም የእርምጃ ድምፅ ተሰማ።

ሚሳክ ነበር። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ ከውጭ ደፉ ላይ ቆሞ ከመሐላው ጋር ሲታገል ነው የቆየው። ጥቁሩን ልብስ ለብሶ፣ ፀጉሩን ተቀብቶ፣ የአባቱን መስቀል በነጭ መሐረብ ይዞ በመሃል መንገድ ይመጣል። ዛሩሂ በሩ አጠገብ ቀርታለች። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። «ይሄ ደግሞ እዚህ ምን ይሠራል?» አለ አንዱ፣ ጮክ ብሎ። ሚሳክ ያን አልሰማም፤ የሚያየው ሃይጋዝን ነው፣ ፈገግ እንዳለ ነው።

ከዚያ የብር መስቀሉን አየ።

ቆመ። አቶ ፓርሴግን አየው፤ ካስፓርን አየው፤ ካስፓር እንደ በርበሬ ቀልቷል። መጨረሻ ላይ ወደ ቬርዥኔ ዞረ። እሷም ተነስታ ቆማለች፤ መቼ እንደተነሳች አታውቅም። አፏ ተከፍቷል። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። እሱ ነው ብትል በቃ! የልጇን ጀርባ አየች፤ የአቶ ፓርሴግን ፊት አየች፤ አፏን መልሳ ገጠመች።

«ምንድነው ነገሩ?» አሉ ቄስ ኔርሴስ። «ወይዘሮ ቬርዥኔ፣ ክርስትና አባቱ ፈትተውናል ተብሎ አልነበረም እንዴ?»

ሚሳክ ወደ ቄሱ ዞረ።

«ፈትቻቸዋለሁ አባታችን» አለ ሚሳክ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። «አበልጄ እንደ ወጉ አረቄዋን ይዛ መጥታ፣ ቆማ ጠየቀችኝ። እኔም ፈታኋቸው። በሰው ፊት ደግሞ ልድገመው ብዬ ነው የመጣሁት፤ ወሬ እንዳይኖር።» ወደ ሃይጋዝ ጠጋ ብሎ መስቀሉን ሳይፈታ፣ እንደተጠቀለለ፣ በሁለቱም ግንባር ላይ አሳረፈ። «እግዜር ይፍታችሁ ልጆቼ። ቤታችሁ ይጽና።»

ከዚያ ዞሮ በመጣበት መንገድ ወጣ።

ቬርዥኔ ያቺን ሰዓት እንዴት እንዳሳለፈቻት ብትጠየቅ መናገር አትችልም። አቶ ፓርሴግ የብር መስቀሉን በጠንካራ ክንዱ ይዞ ቆመ፤ ቄሱ ጸሎቱን አረዘሙ። ግብዣው ላይ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሚሳክ ነው። «ሰው ማለት እንዲህ ነው! ከእነሱ ወገን ቢሆንም ወግ ያውቃል» ይላሉ። ካስፓር እንኳ ሁለት መለኪያ ከጠጣ በኋላ ጆሮዋ ስር መጥቶ «ጎበዝ ነሽ፤ ነገሩን ባታሳምሪው ኖሮ ዛሬ ጉድ ይፈላ ነበር» አላት። ከበሮው ሲመታ አዳራሹ ተንቀጠቀጠ። እሷን እንድትጨፍር ጎተቷት፤ ጨፈረች።

ሰኞ ጠዋት ሙሽሮቹ ወግ ነውና መጀመሪያ ወደ አዲሱ ክርስትና አባታቸው ቤት፣ ወደ አቶ ፓርሴግ ሄዱ። ቬርዥኔ ሻርፗን አድርጋ መንገዱን ተሻገረች። ዛሬ አልተመለሰችም። ጎረቤት ቢያይ፣ ካስፓር ቢያይ፣ ምንም አልመሰላት።

ሚሳክ ሥራ ላይ ነው። ዛሩሂ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ አለች፤ ጥላዋ ይታያል፣ ግን አልወጣችም። ግድግዳው ላይ ትንሿ ፎርማ የለችም። የተሰቀለችበት ሚስማር ብቻ ቀርቷል።

«ሚሳክ» አለች። እንባዋ ቀደማት። «ልነግርህ ነበር። በእግዜር ስም፣ ልነግርህ ነበር። ያን ቀን ያንን ፎርማ ሳይ ጉልበቴ ከዳኝና ተቀመጥኩ እንጂ…» እጇን ወደ በርጩማዋ ሰደደች።

ሚሳክ መዶሻውን አስቀምጦ ተነሳ። በርጩማዋን ቀስ ብሎ አነሳና ወደ ግድግዳው አስጠጋት። ከመደርደሪያው ላይ ጠርሙሷን አወረደ፤ እንዳመጣቻት ናት፣ አልተከፈተችም። ቡሹን ነቀለ። ሁለት መለኪያ ቀዳ። አንዱን ሲያቀብላት ቀኝ ትከሻው ስላመመው በግራው ነበር።

«አይቀመጡ፣ ወይዘሮ ቬርዥኔ» አላት በትሕትና። «ለመፈታት የመጣ ሰው አይቀመጥም። ይጠጡ።»

ቆማ ጠጣችው።